የሎምባርዲያ ሐይቆች፦ የአልፕስ በረዶ ጎተራዎች

ሎምባርዲያ ከሃያዎቹ የኢጣሊያ ክልሎች አንዱ ነው። በሰሜን ከስዊዘርላንድ፣ በምዕራብ ከፒየሞንቴ፣ በምሥራቅ ከቬኔቶና ከትሬንቲኖ አልቶ አዲጄ፣ በደቡብ ደግሞ ከኤሚሊያ ሮማኛ ጋር ይዋሰናል። ወደ 23,900 ካሬ ኪሎ ሜትር በሚጠጋው ስፋቱ ላይ አሥር ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይኖራል። ስሙን ያገኘው በ568 ዓ.ም. (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ወራት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከሰሜን መጥተው ከሰፈሩት ሎንጎባርዶች ነው። ከኢጣሊያ ጠቅላላ የሀገር ውስጥ ምርት ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሚሆነው የሚመነጨው ከዚህ ክልል ሲሆን፣ በአውሮፓ ከበለጸጉት አካባቢዎችም ይቆጠራል።

ይህ ሀብት ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት የሚላኖ ባንኮችና የፋሽን ቤቶች፣ የብሬሻና የቤርጋሞ ፋብሪካዎች ናቸው። ከእነርሱ ሁሉ አስቀድሞ ግን ውኃ ነበረ። የአልፕስ በረዶ ቀልጦ ወደ ታላላቆቹ ሐይቆች ይወርዳል፤ በዚያ ይጠራቀማል፤ ከዚያም በአምስት ወንዞችና በሺህ በሚቆጠሩ ቦዮች አማካይነት የፖ ወንዝን ሜዳ ያጠጣል። ሐይቆቹ ለቱሪስቱ የዕረፍት ስፍራ ናቸው፤ ለሜዳው ገበሬ ግን ጎተራ ናቸው። ጎተራው በማን እጅ ይከፈት፣ መቼ ይከፈት፣ ምን ያህል ይቀዳለት የሚለው ጥያቄ ዛሬ በክልሉ ካሉት አከራካሪ ጉዳዮች ዋነኛው ሆኗል።

ከተራራ እስከ ሜዳ

የክልሉ መልክዓ ምድር ከሰሜን ወደ ደቡብ እንደ ደረጃ ይወርዳል። ከጠቅላላው መሬት አርባ ከመቶ ያህሉ ተራራ፣ ግማሽ የሚጠጋው ሜዳ፣ የቀረው በሁለቱ መካከል የተዘረጋ ኮረብታ ነው። ከፍተኛው ቦታ በስዊዘርላንድ ድንበር ላይ በበርኒና ተራሮች የሚገኘውና 4,020 ሜትር የሚደርሰው ላ ስፔድላ ነው። በምሥራቅ በኩል 3,539 ሜትር ከፍታ ያለው የአዳሜሎ ተራራ ቆሟል። በላዩ የተኛው የበረዶ ግግር በኢጣሊያ ካሉት ሁሉ ሰፊው ቢሆንም ከዓመት ወደ ዓመት እየሳሳ ነው።

ከተራራማው ክፍል ለግብርና ሰው ዐይን በቶሎ የሚገባው ቫልቴሊና ነው። አብዛኞቹ የአልፕስ ሸለቆዎች ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲወርዱ፣ የአዳ ወንዝ የሚፈስበት ይህ ሸለቆ በአብዛኛው ርዝመቱ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ይዘልቃል። በመሆኑም አንዱ ተዳፋት ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሲያገኝ ሌላው ጥላ ውስጥ ይውላል። በጥላው በኩል ደንና ግጦሽ አለ። በፀሐዩ በኩል ደግሞ ያለ ጭቃና ያለ ሲሚንቶ በተካበ የድንጋይ ካብ የተያዙ እርከኖች ከሸለቆው ወለል እስከ ገደሉ አፋፍ ድረስ ይደራረባሉ። በእርከኖቹ ላይ የሚበቅለው፣ በአካባቢው ስም ኪያቬናስካ የሚባለው የኔቢዮሎ ወይን ነው። የካቦቹ ርዝመት ተቀጣጥሎ ሲለካ ወደ 2,500 ኪሎ ሜትር እንደሚደርስ ይነገራል። አፈሩም በተፈጥሮ እዚያ የተገኘ አይደለም፤ የቀድሞ አባቶች በጀርባቸው በተሸከሙት ቅርጫት ከታች ወደ ላይ ያጓጓዙት ነው። ማሽን ስለማይገባበት ዛሬም መሬቱ የሚለማው በእጅ ነው፤ አንድ ካብ በዝናብ ከተናደ የሚጠግነው ባለቤቱ ራሱ ነው። የወጣቱ ወደ ከተማና ወደ ስዊዘርላንድ መሄድ የሚያሳስበውም ለዚህ ነው፤ የተተወ እርከን ሲናድ በበታቹ ያለውን ጎረቤት ይዞ ይወርዳል።

ከወይኑ በላይ የከብቶች ሀገር ይጀምራል። ላሞቹ በጁን ወር ወደ ከፍተኛው ግጦሽ ይወጣሉ፤ በሴፕቴምበር፣ ብርዱ ሳይጠና፣ ይወርዳሉ። ቢቶ የተባለው ፎርማጆ የሚሠራው በእነዚህ ጥቂት ወራት ከሚታለበው ወተት ነው።

ተራራው የሚሰጠውን ያህል የሚቀጣም ነው። በዲሴምበር 1 ቀን 1923 በቤርጋሞ ተራሮች የግሌኖ ግድብ ተሠርቶ ብዙ ሳይቆይ ተደረመሰ። ውኃው መንደሮችን እየጠረገ እስከ ኢዜኦ ሐይቅ ወረደ፤ ቢያንስ 356 ሰዎች ሞቱ። በጁላይ 1987 ደግሞ ለቀናት ከዘነበ ዝናብ በኋላ በቫልቴሊና ቫል ፖላ በተባለው ስፍራ አርባ ሚሊዮን ሜትር ኩብ የሚገመት የተራራ ጎን ተንዶ የአዳን ወንዝ ዘጋው።

አምስቱ ሐይቆች

የሎምባርዲያ ታላላቅ ሐይቆች ተራራው አልቆ ሜዳው ሊጀምር ሲል ተሰልፈው ይገኛሉ። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ማጆሬ፣ ሉጋኖ፣ ኮሞ፣ ኢዜኦና ጋርዳ ይባላሉ። ሁሉም የጥንት የበረዶ ግግሮች ቅሪት ናቸው። በበረዶ ዘመናት ከአልፕስ እየተንሸራተቱ የወረዱት ግግሮች ሸለቆዎቹን እንደ ሞረድ እየፋቁ አጠለቋቸው፤ የፋቁትን ድንጋይና አፈር ደግሞ ገፍተው ከፊታቸው ከመሩት። በረዶው ሲቀልጥ ጉድጓዱ ውኃ ያዘ፤ ክምሩም እንደ ግድብ ሆኖ ቀረ። ብዙ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ሸለቆዎቹ መጀመሪያ የተቆፈሩት ከበረዶ ዘመናት እጅግ ቀደም ብሎ፣ የሜዲትራኒያን ባሕር በአብዛኛው ደርቆ ወንዞች ወደ ጥልቅ ይወርዱ በነበረበት ጊዜ እንደሆነ ያስባሉ።

ጥልቀታቸው በእርግጥም ያስገርማል። የኮሞ ሐይቅ ገጽ ከባሕር ወለል 198 ሜትር ከፍ ያለ ሲሆን ጥልቀቱ 410 ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ የሐይቁ ወለል ከባሕር ወለል ከ200 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ጋርዳም 65 ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ 346 ሜትር ይጠልቃል፤ ማጆሬ 193 ሜትር ላይ ሆኖ 370 ሜትር።

በስፋት ቀዳሚው ጋርዳ ነው፤ 370 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሸፍን የኢጣሊያ ትልቁ ሐይቅ ሲሆን ሎምባርዲያ ከቬኔቶና ከትሬንቲኖ ጋር ትጋራዋለች። 212 ካሬ ኪሎ ሜትር የሆነው ማጆሬ በሎምባርዲያ፣ በፒየሞንቴና በስዊዘርላንዱ የቲቺኖ ካንቶን መካከል ተከፍሏል። አሌሳንድሮ ቮልታ በ1776 ሜቴን ጋዝን ያገኘው በዚሁ ሐይቅ ዳር አንጄራ አጠገብ ካለ ረግረግ፣ ጭቃውን በእንጨት እየቆሰቆሰ የሚወጣውን አረፋ በመሰብሰብ ነበር። ሉጋኖ ደግሞ አብዛኛው ክፍሉ በስዊዘርላንድ ነው።

ኮሞ 146 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ሙሉ በሙሉ በሎምባርዲያ ውስጥ ይገኛል። ቅርጹ እግሮቹን ከፍቶ የቆመ ሰው ይመስላል። አዳ በሰሜን በራሱ በኩል ይገባል፤ ከሁለቱ እግሮች ግን መውጫ ያለው በሌኮ በኩል ያለው ብቻ ነው። በሌላው እግር ጫፍ ላይ የተቆረቆረችው የኮሞ ከተማ መውጫ በሌለው ጉሮሮ ውስጥ ተቀምጣለች። ሐይቁ ሲሞላ በከተማዋ ዋና አደባባይ ላይ ውኃ የሚተኛው በዚህ ምክንያት ነው።

65 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ኢዜኦ ከእነዚህ ሁሉ ጸጥ ያለው ነው። በመካከሉ ሞንቴ ኢዞላ የተባለ፣ ራሱ ተራራ የሆነ ደሴት አለ። በ2016 አርቲስቱ ክሪስቶ በውኃው ላይ የዘረጋውን ተንሳፋፊ መንገድ ለመርገጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰው በሁለት ሳምንት ተኩል ጎርፎበታል። ከውበቱ በታች ግን ችግር አለ፤ የሐይቁ የታችኛው ውኃ ከላይኛው ጋር በሚገባ ስለማይደባለቅ ጥልቁ ክፍል ኦክስጅን አጥቷል። ለዚህም ለዓመታት የገባው ፍሳሽና የአየሩ መሞቅ ተደራርበው አስተዋጽኦ አድርገዋል።

ሐይቆቹ ሙቀት ይይዛሉ። ብርዳማው ወቅት ሲገባ በሞቃቱ ወራት ያከማቹትን ሙቀት ቀስ በቀስ ይለቃሉ። ስለሆነም በኬክሮስ 45 እና 46 ዲግሪ ሰሜን ላይ፣ በረዶ ከለበሱ ተራሮች እግር ሥር፣ ወይራ ይበቅላል። በጋርዳ ምዕራባዊ ዳርቻ ሎሚ እንኳ ሲመረት ኖሯል። ገበሬዎቹ የድንጋይ ዓምዶችን አቁመው፣ ብርዱ ሲመጣ በሳንቃና በመስታወት እየሸፈኑ ዛፎቹን ከውርጭ ይጠብቁ ነበር፤ ዓምዶቹ ዛሬም ባዶአቸውን ቆመው ይታያሉ። በኮሞ ዙሪያ ደግሞ ቅጠሉ ለሐር ትል ቀለብ የሚሆነው የመልበሪ ዛፍ ይተከል ነበር። ትሉ ከገበሬው ቤት ከጠፋ ቆይቷል። የኮሞ ፋብሪካዎች ግን ክሩን ከውጭ እያስመጡ የሐር ጨርቅ ማቅለሙንና ማተሙን አልተዉም።

ለኢትዮጵያውያን የእነዚህ ሐይቆች ስም ከሌላ ታሪክ ጋርም ይያያዛል። ቤኒቶ ሙሶሊኒ፣ በ1935 ኢትዮጵያን ያስወረረው መሪ፣ በ1943 ከሥልጣን ከወረደ በኋላ በጀርመኖች ድጋፍ ያቋቋመው መንግሥት መቀመጫው በጋርዳ ዳር ሳሎ ነበር። በአፕሪል 27 ቀን 1945 ሲሸሽ በኮሞ ሐይቅ ዳር ዶንጎ ላይ በፓርቲዛኖች ተያዘ፤ በማግስቱ እዚያው ሐይቅ አቅራቢያ በምትገኝ መንደር በጥይት ተገደለ።

የአንድ ሴንቲ ሜትር ዋጋ

ከእያንዳንዱ ሐይቅ አንድ ወንዝ ይወጣል። ቲቺኖ ከማጆሬ፣ አዳ ከኮሞ፣ ኦልዮ ከኢዜኦ፣ ሚንቾ ከጋርዳ ወጥተው ሁሉም ወደ ፖ ይገባሉ። አምስተኛው ወንዝ ኪየዘ የሚመጣው በተራራው ውስጥ ካለው አነስተኛው የኢድሮ ሐይቅ ነው። በእነዚህ መውጫዎች ላይ ባለፈው ምዕተ ዓመት መቆጣጠሪያ በር ያላቸው ዝቅተኛ ግድቦች ተሠሩ። የኢዜኦው ሳርኒኮ ላይ በ1933፣ የማጆሬው ሚዮሪና ላይ በ1943፣ የኮሞው ኦልጂናቴ ላይ በ1946 ሥራ ጀመሩ። ግድቦቹ ለዐይን የሚሞሉ አይደሉም። ሐይቁን አልፈጠሩትም፤ ከላዩ ያለውን ጥቂት ሜትር ውኃ ግን እንደ ባንክ ሒሳብ ማስቀመጥና ማውጣት አስቻሉ።

ሒሳቡ ቀላል ነው። የኮሞ ሐይቅ በአንድ ሴንቲ ሜትር ከፍ ሲል 1.46 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይጨምራል። አንድ ሄክታር ማሳን 100 ሚሊ ሜትር ለማጠጣት 1,000 ሜትር ኩብ ያስፈልጋል። በመንገድ የሚባክነው ካልተቆጠረ፣ አንዲት ሴንቲ ሜትር 1,460 ሄክታር በቆሎ አንድ ጊዜ ታጠጣለች ማለት ነው። የሐይቁ ከፍታ ከመለኪያው ዜሮ በታች 40 ሴንቲ ሜትር እስከ ዜሮ በላይ 120 ሴንቲ ሜትር ባለው ክልል እንዲጠበቅ ተወስኗል። በዚህ የ160 ሴንቲ ሜትር ልዩነት ውስጥ ከ230 ሚሊዮን ሜትር ኩብ በላይ ውኃ ይቀመጣል። የጋርዳ ሴንቲ ሜትር ደግሞ 3.7 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ነው።

ክርክሩ የሚነሣው ከዚህ ነው። የሜዳው ገበሬ በፀደይ ወቅት ሐይቁ እስከ አፉ እንዲሞላ ይፈልጋል፤ በጁላይ ይቀዳዋልና። የኮሞ ከተማ ነዋሪ ግን ሙሉ ሐይቅ ላይ ዝናብ ሲጨመር ምን እንደሚመጣ ያውቀዋል። ባለ ሆቴሉና የጀልባ ማኅበሩ ውኃው ዓመቱን ሙሉ ከፍታውን ሳይለውጥ እንዲቆይ ይሻሉ። ዓሣ አስጋሪው፣ ዓሣው በዳር እንቁላሉን ጥሎ ሳለ ውኃው በድንገት እንዳይሸሽ ይለምናል። ከበላይ ደግሞ በቫልቴሊና ካንካኖንና ሳን ጃኮሞን በመሳሰሉ ሰው ሠራሽ ሐይቆች ውኃ የሚያከማቹ የኤሌክትሪክ ኃይል አምራቾች አሉ። እነርሱ ውኃውን የሚለቁት መብራት ሲወደድ እንጂ በቆሎ ሲጠማ አይደለም። ኃይል ማመንጨት በዚህ ምድር የቆየ ሥራ ነው፤ በአዳ ላይ በ1898 የተመረቀው የቤርቲኒ ማመንጫ ለሚላኖ መብራት ከሰጡት የመጀመሪያዎቹ ታላላቅ ማመንጫዎች አንዱ ነበር።

በሮቹን የሚያስተዳድሩት ኮንሶርዚዮ የሚባሉ የተጠቃሚዎች ኅብረቶች ሲሆኑ፣ ከሐይቁ በታች ያሉት የመስኖ ማኅበራትና የኃይል ማመንጫዎች ወጪያቸውን ይሸፍናሉ። የሐይቅ ዳር ነዋሪዎች በየጊዜው የሚያነሡት ቅሬታ ከዚህ የሚመነጭ ነው፤ ቁልፉን የያዘው ከታች ያለው ወገን ነው ይላሉ። ቅሬታቸው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም።

የሜዳው ቦዮች

የፖ ሜዳ እንዲህ ለም የሆነው በተፈጥሮ ብቻ አይደለም። ከቲቺኖ ውኃ ጠልፎ ወደ ሚላኖ የሚወስደው ናቪልዮ ግራንዴ ሥራው የተጀመረው በ1177 ነው። በ1386 የተጀመረው የሚላኖ ካቴድራል እብነ በረድ ከማጆሬ አካባቢ በጀልባ የመጣው በዚሁ ቦይ ነበር። ከአዳ የሚቀዳው የሙዛ ቦይም የአሥራ ሦስተኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን እስከ ዛሬ የሎዲን ማሳዎች ያጠጣል። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መሐንዲሱ ኤውጄኒዮ ቪሎሬሲ ከቲቺኖ ተነሥቶ እስከ አዳ የሚደርስ 86 ኪሎ ሜትር ቦይ ነደፈ፤ ፍጻሜውን ግን ሳያይ በ1879 አረፈ። ቦዩ በስሙ ይጠራል።

ከቦዮቹ ይልቅ የሚደንቀው ፎንታኒሊ የሚባለው ነው። የላይኛው ሜዳ አፈር ጠጠርና አሸዋ ስለሆነ ውኃ ይሰርጋል፤ ወደ ታች ሲወርዱ አፈሩ ሸክላማ ይሆናል። የከርሰ ምድሩ ውኃ በሸክላው ሲታገድ ወደ ላይ ይገፋል። ሁለቱ አፈሮች በሚገናኙበት መስመር የጥንት ገበሬዎች ጉድጓድ እየቆፈሩ ምንጮቹን አፈለቋቸው። የምንጮቹ ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ከ10 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። ስለዚህ መሬቱ በሚቀዘቅዝበት ወቅት ውኃው ከአየሩ ይሞቃል። በ1135 የተመሠረተው የኪያራቫሌ ገዳም መነኮሳትና መሰሎቻቸው ይህን አይተው፣ በጥቂቱ ያዘነበለ መስክ ላይ ስስ ውኃ በብርዱ ወራት ሁሉ ሳያቋርጥ እንዲንሸራተት አደረጉ። ሣሩ ውርጭ ሳያገኘው ያድጋል፤ በፌብሩዋሪ የመጀመሪያው አጨዳ ይደርሳል፤ በዓመት ሰባት ጊዜና ከዚያም በላይ ይታጨዳል። ማርቺታ ይባላል። ሎምባርዲያ የወተት ሀገር የሆነችበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ብዙው አውሮፓ ከብቱን በድርቆሽ በሚያቆይበት ወቅት በሚላኖ ዙሪያ እርጥብ ሣር ነበረ። ዛሬ በቆሎ ስለተተካ ማርቺታ በጥቂት ስፍራዎች፣ በተለይም በ1974 በተቋቋመው የቲቺኖ ፓርክ ውስጥ ብቻ ተጠብቆ ይታያል።

አሁን ከኢጣሊያ ወተት ከአርባ ከመቶ በላይ የሚታለበው በዚህ ክልል ነው። አብዛኛው ግራና ፓዳኖን ወደመሳሰሉ ፎርማጆዎች ይለወጣል። ላሞቹ የሚመገቡት ታጭዶና ታፍኖ የሚቆይ የበቆሎ ገፈራ ነው፤ በቆሎውም ውኃ አብዝቶ የሚፈልገው ዝናብ በሚያንስበት በጁላይ ነው። በምዕራብ፣ በፓቪያ አውራጃ ሎሜሊና ውስጥ፣ ሩዝ ሰፊውን መሬት ይዟል። ኢጣሊያ በአውሮፓ ኅብረት ቀዳሚዋ የሩዝ አምራች ስትሆን፣ ከአውራጃዎቿ በሩዝ መሬት ስፋት ፓቪያ ትቀድማለች። የከብቱና የአሳማው ብዛት የራሱ ጣጣ አለው፤ ፍጉ ከመሬቱ አቅም በላይ ሲሆን ናይትሬት ወደ ከርሰ ምድር ውኃ ይሰርጋል፤ ተራሮች በከበቡት ሜዳ ላይ አየሩም ይታፈናል።

2022 እና ከዚያ ወዲህ

ይህ ሁሉ አሠራር የተመሠረተው በረዶ በተራራው ላይ እስከ ሜይና ጁን ይቆያል በሚል እምነት ላይ ነው። ከ2021 እስከ 2022 በነበረው ብርዳማ ወቅት ግን በአልፕስ ላይ የወረደው በረዶ ከተለመደው እጅግ አነሰ። ዝናቡም ቀረ። የፖ ወንዝ ሰባ ዓመት ያልታየ ድርቅ ገጠመው፤ አሸዋው ተገለጠ፤ በወንዙ አፍ የባሕር ጨው ወደ ውስጥ ዘልቆ ገባ። የኢጣሊያ መንግሥት በጁላይ 4 ቀን ሎምባርዲያን ጨምሮ በአምስት የሰሜን ክልሎች የአስቸኳይ ጊዜ ሁኔታ አወጀ። በሎሜሊና የሩዝ ማሳዎች ተሰነጣጠቁ። ገበሬዎች ካላቸው ውኃ የትኛውን ማሳ አድነው የትኛውን እንደሚተዉ መምረጥ ነበረባቸው። የተራራው ኃይል አምራቾችም ካከማቹት እንዲለቁ ተጠየቁ። በ2023 መጀመሪያ የጋርዳ ውኃ ከመሸሹ የተነሣ ሰዎች ወደ ሳን ቢያጆ ደሴት በደረቅ መሬት በእግራቸው ይሻገሩ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የአስተራረስ ለውጥ ተፋጥኗል። አንዳንዱ ገበሬ በበቆሎ ፋንታ ድርቅ የሚችለውን ማሽላ ለመኖ ዘርቷል። ሌላው የጠብታ መስኖ ዘርግቷል። ብዙ ሩዝ አምራቾች ደግሞ ውኃ በተኛበት ማሳ ላይ መዝራቱን ትተው በደረቅ ይዘሩና ውኃውን ዘግይተው ይለቃሉ። ይህ ለአንድ ገበሬ ቁጠባ ነው፤ ለሜዳው ግን ሌላ መዘዝ አለው። ቀድሞ በአፕሪል ማሳው ላይ የሚተኛው ውኃ ቀስ እያለ ሰርጎ የከርሰ ምድሩን ይሞላ ነበር፤ ያው ውኃ ከሳምንታት በኋላ በፎንታኒሊ በኩል ለታችኛው ገበሬ ይወጣ ነበር። አሁን የከርሰ ምድሩ ሳይሞላ ሁሉም በጁን አንድ ጊዜ ወደ ቦዩ ይመጣል፤ በቆሎውም ያን ጊዜ ይጠማል። ባከነ የሚባለው ውኃ ሁሉ እንዳልባከነ ሎምባርዲያ ጥሩ ምስክር ናት። ሚላኖ ራሷ የምትጠጣው ከዚሁ የከርሰ ምድር ውኃ ነው።

የተራራው በረዶ ከቀነሰ የሚቀረው አማራጭ ሐይቆቹን ይበልጥ መሙላት ይመስላል። በማጆሬ ላይ ላለፉት ዓመታት በሞቃቱ ወራት የሚፈቀደውን የውኃ ከፍታ ከፍ የማድረግ ሙከራ ሲካሄድ ቆይቷል። በቲቺኖ ወንዝ በታች ያሉት ገበሬዎች ይህን አጥብቀው ይደግፋሉ። ሐይቁ ግን የኢጣሊያ ብቻ አይደለም። በሰሜን ጫፉ ያለችው የስዊዘርላንዷ ሎካርኖ በኦክቶበር 2000 ማጆሬ ሞልቶ ከዳርቻው ሲያልፍ ጎዳናዎቿ በውኃ ተውጠው ነበር። ዳርቻዋም የካምፕ ሠፈሮችና የወፎች መጠለያ የሆነው የማጋዲኖ ረግረግ አለበት። ስለዚህ ስዊዘርላንዳውያኑ ለሎሜሊና ሩዝ ሲባል በሐይቁ ላይ በሚጨመረው በእያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር ላይ ጥያቄ ያነሣሉ፤ ድርድሩም በሁለቱ ሀገራት መካከል ቀጥሏል።